ከዕቃ ቤት እስከ ጨረታ አዳራሽ፦ የድሮ ቪዲዮ ጌሞች ዋጋ

ፋሲካ ሲቃረብ ቤት እናጸዳለን፣ ዕቃ ቤቱንም እናራግፋለን። ያን ጊዜ እጃችን ከሚገቡት ነገሮች አንዱ የልጆቻችን የድሮ ጌም ነው፤ ሽቦው የተጠላለፈ ጆይስቲክ፣ የፊት ወረቀቱ የተላጠ ካሴት፣ ክዳኑ የጠፋ ማጫወቻ። ብዙዎቻችን ብዙም ሳናስብ ከቆሻሻው ጋር አውጥተን ጥለነዋል። ከዓመታት በኋላ ልጁ አድጎ፣ ራሱም ልጆች ወልዶ ይመጣና «እማዬ፣ ያ ካርቶን የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ እናጣለን።

የተገላቢጦሹም አለ። ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ልጃቸው፣ ሠርቶ ካጠራቀመው ገንዘብ ብዙ መቶ ሸቅል አውጥቶ የክብሪት ቀፎ የምታህል አሮጌ ካሴት ሲገዛ አይተው «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የድሮ ጌም መሰብሰብ ምን እንደሆነ፣ ዋጋው ከምን እንደሚመጣ፣ እቤታችን ያለው ዕቃስ ዋጋ ያለው መሆን አለመሆኑን እንዴት እንደምናውቅ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ «ሬትሮ» የሚባለው የትኛው ነው?

«ሬትሮ» ማለት የድሮ፣ ያለፈ ዘመን ማለት ነው። ድንበሩን የወሰነ ሕግ የለም፤ በልማድ ግን ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ጌም በዚህ ስም ይጠራል። ታሪኩ ለብዙዎች የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ ከቀረበው የአሜሪካው የአታሪ ማጫወቻ ነው። በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ሲወድቅ፣ በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ድርጅት «ፋሚኮም» የተሰኘውን ማጫወቻ በአገሩ መሸጥ ጀመረ። ይኸው ማጫወቻ መልኩ ተቀይሮ በ1985 አሜሪካ ገባ፤ በጠቅላላው ወደ 62 ሚሊዮን ገደማ ተሽጧል። ከዚያ የሴጋ ሜጋ ድራይቭ በ1988፣ በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይ በ1989፣ የሶኒ ፕሌይስቴሽን በ1994 ተከተሉ። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ሳይቀር ዛሬ «ሬትሮ» ሲባል ስንሰማ ዕድሜያችን ትዝ ይለናል።

ሰዎች ለምን ይሰበስቧቸዋል?

ዋናው ምክንያት ትዝታ ነው። በ1990 የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ወላጆቹ ሊገዙለት ያልቻሉትን ወይም ገዝተውለት በኋላ የጠፋበትን ነገር አሁን በራሱ ደመወዝ ይገዛዋል። ለዚህ ነው የገበያው ፍላጎት ከትውልድ ትውልድ የሚሸጋገረው፤ በአታሪ ያደጉት ሲበርዱ በኒንቴንዶ ያደጉት ይነሣሉ፣ እነሱን ደግሞ በፕሌይስቴሽን ያደጉት ይከተላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የድሮ መጽሐፍ እንደገና ይታተማል፣ የድሮ ዘፈን በኢንተርኔት ይገኛል፤ የድሮ ጌም ግን አብዛኛው በሱቅ አይገኝም። በአሜሪካ የሚገኘው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ የሚሆኑት በሕጋዊ መንገድ ለሽያጭ እንደማይቀርቡ አመልክቷል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ኒንቴንዶ ለሁለት የቆዩ ማጫወቻዎቹ የከፈተውን የኢንተርኔት መደብር ሲዘጋ፣ እዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ ጌሞች ከሽያጭ ወጡ። እንዲህ ሲሆን ያለው አማራጭ አሮጌውን ካሴት ፈልጎ መግዛት ነው።

በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሰው ሁሉ እቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ ፍላጎቱ በአንድ ጊዜ ጨመረ፣ ዋጋውም አብሮ ዘለለ። ወረርሽኙ ቢያልፍም የብዙ ካሴቶች ዋጋ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ትዝታ ምን ያህል እንደሚከፈልበት ለማየት አንድ ታሪክ ይበቃል። አታሪ በ1982 በታዋቂው «ኢ.ቲ.» ፊልም ስም አንድ ጌም አወጣ። በአምስት ሳምንት ገደማ ተጣድፎ የተሠራ ስለነበር ሰው ጠላው፣ ካሴቱም በመጋዘን ተከመረ። በመስከረም 1983 ድርጅቱ ይህንንና ሌሎች ያልተሸጡ ዕቃዎችን በኒው ሜክሲኮ ግዛት አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረ። ብዙ ሰው ወሬውን እንደ ተረት ቆጥሮት ነበር። በሚያዝያ 2014 ግን ጉድጓዱ ሲቆፈር ካሴቶቹ ተጨማድደው፣ ቆሻሻ ሸትተው ተገኙ። ከተማዋ ከ800 በላይ የሚሆኑትን ሸጣ በድምሩ ከ100,000 ዶላር በላይ አገኘች። ገዢዎቹ የከፈሉት ለታሪኩ ነው፤ ጨዋታውማ ያኔም በነጻ ቢሰጥ የሚወስደው አልነበረም።

ዋጋውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕቃው አሮጌ ስለሆነ ብቻ ውድ አይሆንም። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለው የ1985 ጌም ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በአሜሪካ ከማጫወቻው ጋር አብሮ ይሰጥም ነበር። ስለዚህ ካርቶን የሌለው ተራ ካሴቱ ዛሬም ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይገኛል። ስመ ጥር ጌም ነው፣ አርባ ዓመት ሞልቶታል፣ ግን በየቤቱ ስላለ ርካሽ ነው።

በአንጻሩ «ሊትል ሳምሰን» የሚባል ጌም አለ። ታይቶ የተባለ ድርጅት በ1992 ያወጣው ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሰው ፊቱን ወደ አዲሱ ሱፐር ኒንቴንዶ አዙሮ ስለነበር ጥቂት ብቻ ተሸጠ። ዛሬ ባዶ ካሴቱ ብቻውን ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ያኔ ያልተሸጠው ዛሬ ተወደደ ማለት ነው። «ኧርዝባውንድ» የተባለው የ1995 ጌምም በአሜሪካ በዘመኑ ብዙ ገዢ አላገኘም፤ አሁን ግን ካሴቱ በመቶዎች፣ ትልቁ ካርቶንና መጽሐፉ ሲጨመር ደግሞ ከሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል።

ከሁሉም የሚያስገርመው ሰው በእግሩ ምንጣፍ ላይ እየሮጠ የሚጫወተው «ስታዲየም ኢቨንትስ» ነው። ባንዳይ የተባለው ድርጅት በ1987 በአሜሪካ ካወጣው በኋላ ኒንቴንዶ የምንጣፉን መብት ገዝቶ፣ ጌሙን በሌላ ስም አሳተመው፤ የመጀመሪያው ከሱቅ ተነሣ። ከመነሣቱ በፊት የተሸጡት ጥቂቶች ናቸው። በ2010 ካልተከፈቱት አንዱ 41,300 ዶላር ተሸጠ። ኒንቴንዶ በ1990 በአሜሪካ ላካሄደው የጌም ውድድር ያሠራቸው ግራጫ ካሴቶችም 90 ብቻ ሲሆኑ፣ በመጽሔት ዕጣ የተሰጡት ወርቃማዎቹ 26 ናቸው። እነዚህን ሰብሳቢዎች አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይከታተሏቸዋል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው የዕቃው ይዞታ ነው። ነጋዴዎች ለአንድ ጌም ሦስት ዋጋ አላቸው። ካሴቱ ብቻውን ሲሆን ዝቅተኛው ነው። ካርቶኑና የአጠቃቀም መመሪያው አብረውት ካሉ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ፋብሪካ ያለበሰው ላስቲክ ሳይቀደድ የቀረ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱ ጋር አይወዳደርም።

ካርቶኑ ለምን ይህን ያህል ዋጋ ኖረው ብትሉ፣ መልሱን እናቶች ታውቁታላችሁ። ልጅ ጌም ሲገዛለት መጀመሪያ የሚያደርገው ካርቶኑን ቀዶ መጣል ነው። ካሴቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ይቆያል፤ የወረቀት ካርቶን ግን ሳምንት አይቆይም። ስለዚህ ባዶ ካርቶንና ባዶ መመሪያ ለብቻቸው የሚገዙ ሰዎች አሉ። ዕቃ ቤት ስታጸዱ «ይሄማ ወረቀት ነው» ብላችሁ አትጣሉት።

የሚሊዮን ዶላሩ ወሬ

በ2021 በዓለም ጋዜጦች ሁሉ አንድ ጌም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡ ተወራ። ብዙ ሰው እቤቱ ያለውን ካሴት ማገላበጥ የጀመረው ያኔ ነው። ነገሩ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በአሜሪካ ዋታ የሚባል ድርጅት ያልተከፈቱ ጌሞችን እየመረመረ ከ10 ነጥብ ይሰጣል፣ ላስቲኩንም ለብቻ በፊደል ይገመግማል። ከዚያ ጌሙን በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ አሽጎ ይመልሳል። እንዲህ የታሸገ ጌም አይከፈትም፣ አይጫወቱበትም፤ እንደ ወርቅ ተቀምጦ ይሸጣል።

የአንዱን ጌም የዋጋ ጉዞ እንመልከት። ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በ2017 በ30,100 ዶላር ተሸጠ። በየካቲት 2019 ሌላ አንድ 100,150 ዶላር፣ በሐምሌ 2020 ሌላው 114,000 ዶላር አወጣ። በሚያዝያ 2021 ደግሞ በዳላስ ከተማ ሄሪቴጅ በተባለው የጨረታ ድርጅት አንዱ 660,000 ዶላር ደረሰ። የዚህኛው ታሪክ ለእኛ ጽሑፍ የሚስማማ ነው። ጨረታው እንደገለጸው ጌሙ በ1986 ለበዓል ስጦታ ተገዝቶ፣ በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ 35 ዓመት ቆይቷል። ሳይረሳ ለልጁ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከላይ እንዳልነው የ10 ዶላር ካሴት ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» 870,000 ዶላር፣ ከሁለት ቀን በኋላ «ሱፐር ማሪዮ 64» 1,560,000 ዶላር ተሸጡ። በነሐሴ አንድ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ነባር ሰብሳቢዎች ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱፐር ማሪዮ 64 በሚሊዮኖች የተሸጠ ጌም ስለሆነ፣ ያልተከፈተውም ቢሆን እንዲያ ያለ ዋጋ የሚያስጠይቅ አልመሰላቸውም። «ዋጋው በነጋዴዎች ተነፍቷል» የሚል ክርክር ተነሣ፤ በ2022ም ዋታ ገበያውን አዛብቷል የሚል ክስ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ቀረበበት። ድርጅቱ ውንጀላውን መሠረተ ቢስ ብሎታል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ የታሸጉት ጌሞች ዋጋ ከ2021ዱ ከፍታ መውረዱ እውነት ነው። ስለዚህ «ልጄ፣ ይህን ገዝተህ አስቀምጥ፣ ነገ ቤት ትገዛበታለህ» ብሎ የሚመክር ሰው ቢመጣ ጠንቀቅ ማለት ያሻል። ለመጫወትና ለትዝታ የሚገዛ ሰው ዋጋው ቢወርድም ጌሙ አለው። ለትርፍ ብሎ የገዛው ግን ዋጋው ሲወርድ የሚከፍተው እንኳ የለውም።

እኛ ቤት ያለውስ?

እውነቱን እንነጋገርና፣ በ1990ዎቹ በእስራኤል በብዙ ቤቶች የነበረው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ራሱ አልነበረም። በእስያ ፋብሪካዎች የተሠራ፣ የፋሚኮምን አሠራር የቀዳ ርካሽ ማጫወቻ ነበር። በሩሲያ «ዴንዲ»፣ በፖላንድ «ፔጋሰስ»፣ በእኛ አገር ደግሞ «ሜጋሶን» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ካሴቱ ላይ «9999 ጌም በአንድ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሲከፈት ግን ጥቂት ጌሞች ስማቸው እየተቀየረ ይደጋገማሉ። ልጆቹ ግን አልቆጠሩበትም፤ ተሰብስበው በተራ ተጫወቱበት።

እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ በዓለም ገበያ የሚያወጣው ትንሽ ነው። በልጅነታቸው የተጫወቱበት እስራኤላውያን አንዳንዴ ለትዝታ ይፈልጉታል እንጂ የጨረታ ዕቃ አይደለም። በማርከር ስሙ የተጻፈበት የተቀዳ የፕሌይስቴሽን ዲስክም ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ነው። ለምሳሌ እውነተኛ የጌም ቦይ ፖኬሞን ካሴት፣ በተለይ ካርቶኑ ካለ፣ ከመጣሉ በፊት ቢታይ ጥሩ ነው።

ዋጋ ለማጣራት ስትፈልጉ ሻጮች የሚጠይቁትን ገንዘብ አትመልከቱ፤ የፈለጉትን መጥራት ይችላሉ። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጦ በእርግጥ የተከፈለውን ማየት ይቻላል። ፕራይስቻርቲንግ የሚባለው ድረ ገጽም የተሸጡበትን ዋጋ በሦስቱ ይዞታዎች ለይቶ ያሳያል። ኮምፒውተር የማይሆንላችሁ ከሆነ የልጅ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ በደቂቃ ውስጥ ያወጡታል። እዚህ አገር በ«ያድ 2» ላይ የሚወጡት ዋጋዎችም የመነሻ ጥሪ መሆናቸውን አትርሱ። በያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያም አልፎ አልፎ ጌም ይገኛል፤ እዚያ ግን ክርክር የማያውቅ ሰው ባይሄድ ይሻላል።

ለሚገዛው

የመጀመሪያው ችግር ፎርጅድ ነው። በተለይ የጌም ቦይ ፖኬሞን ካሴቶች በብዛት እየተቀዱ ይሸጣሉ። የፊት ወረቀቱ ቀለሙ የደበዘዘ ወይም ፊደሉ የተዛባ ከሆነ፣ የፕላስቲኩ ቀለም ከተለመደው ከተለየ፣ ዋጋውም ከገበያው በጣም ከወረደ መጠርጠር ነው። ኒንቴንዶ የድሮ ካሴቶቹን የሚያስረው ለየት ባለ ቡሎን ስለሆነ፣ በተራ ካቻቪቴ የሚፈታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። ጥሩ ሻጭ ካሴቱን ከፍቶ የውስጡን ሰሌዳ ፎቶ ያሳያል። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።

ሁለተኛው የአገር ልዩነት ነው። የእስራኤል የድሮ ቴሌቪዥኖች ሥርዓት እንደ አውሮፓ «ፓል» ነበር፤ የአሜሪካና የጃፓን ግን «ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ.» ነው። አውሮፓ የተሸጡት ብዙ ጌሞች በዚህ ምክንያት ከአሜሪካዎቹ ወደ 17 በመቶ ያህል ዝግ ብለው ይሄዳሉ። የፋሚኮም ካሴት ለአሜሪካው ኒንቴንዶ አይገጥምም፤ ያኛው 60፣ ይኼኛው 72 ጥርስ አለው። የጃፓን ማጫወቻ መብራቱ 100 ቮልት ስለሆነ ሶኬታችን ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። የጃፓን ካሴቶች ግን ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካዎቹ ይረክሳሉ፤ በቶክዮ አኪሃባራ ሰፈር ያለው «ሱፐር ፖቴቶ» የተባለው ሱቅ የዓለም ሰብሳቢዎች መሳለሚያ ሆኗል።

ከውጭ አገር ለሚያዝ ሰው የመላኪያውንና የመዓሙን ሒሳብ ቀድሞ መደመር ግድ ነው። መዓም ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ነው። ከታክስ ነጻ የሚገባው ዕቃ የዋጋ ጣሪያ ሊለወጥ ስለሚችል ከማዘዝ በፊት ማጣራት ይገባል።

መጫወት ብቻ ለሚፈልግ ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ኒንቴንዶ በ2016 ሠላሳ ጌም የተጫነበት ትንሽ ማጫወቻ በ60 ዶላር አውጥቶ ነበር፤ ዛሬ ግን መሥራት ስላቆመ እሱም ራሱ ወደ ሰብሳቢዎች ገበያ ገብቷል። ከ2018 ጀምሮ ግን በስዊች ማጫወቻ ላይ በክፍያ ደንበኝነት ብዙ የድሮ ጌሞች ይገኛሉ። ወላጆች ከመቆጣት በፊት ልጁ የሚፈልገው ጨዋታውን ነው ወይስ ዕቃውን ብለው ቢጠይቁ ብዙ ገንዘብ ሊተርፍ ይችላል።

እቤት ያለውን ለመጠበቅ

ያልተከፈተ ነገር ካገኛችሁ አትክፈቱት። ካርቶኑን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ካሴቱ አልሠራ ሲል ሁላችንም እፍ እንልበት ነበር፤ ኒንቴንዶ ራሱ ግን ይህን አይመክርም፣ ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ብረቱን ያዝገዋልና። ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነክሮ ጥርሱን ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጨዋታውን ካቆሙበት እንዲቀጥሉ የሚያስችሉ ብዙ የድሮ ካሴቶች ውስጥ ትንሽ ክብ ባትሪ አለች። የልጁን ስምና የደረሰበትን ደረጃ የያዘችው እሷ ናት። ባትሪዋ ሃያና ሠላሳ ዓመት ልትቆይ ትችላለች፤ ሰዓት የሚቆጥሩ እንደ ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር ያሉት ግን ቶሎ ይጨርሷታል። ስትሞት ወይም እንዲሁ ስትቀየር የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ልጃችሁ በስምንት ዓመቱ የጻፈው ስሙ እዚያ ውስጥ ካለ፣ ባትሪው ከመቀየሩ በፊት ያንን ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳ፣ በኋላም ወደ ካሴቱ የሚመልስ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ፈልጉ። ባትሪዋ በብየዳ የተያያዘች ስለሆነች በቢላ ለመንቀል አትሞክሩ።